የምድር እምቧይ በሠንጠረዥና በሀብሩ፤ ስለ መድኀኒት ዕፅዋት አመዘጋገብ የቀረበ ትችት

ስለ አገራችን የመድኀኒት ዕፅዋት የሚጻፈው ጽሑፍ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መሄዱ የሚያስደስት ነው። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ለማንበብ ቢፈልግ የሚያገኛቸው መጻሕፍት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስለ አንዲት ወረዳ ብቻ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ይሁን እንጂ የጽሑፉ ብዛትና የዕውቀቱ ጥልቀት እኩል አልተራመዱም። ይህን ለማለት ያስደፈረኝ የአንድ ተክል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በሰሜን ወሎ፥ ከወልድያ እስከ መርሳና በጠቅላላው በሀብሩ ወረዳ፥ በመንገድ ዳርና በማሳ ድንበር ላይ ምድር ለምድር የሚሳበው የምድር እምቧይ ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው የዛሬዎቹ ጥናቶች መደምደሚያቸው ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው ዐምድ የተክሉ የላቲን ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ ወገኑ፥ ቀጥሎ ያገሩ ስም፥ ቀጥሎ የሚፈወሰው ሕመምና የሚወሰደው የተክሉ ክፍል ይመጣል፤ በመጨረሻው ጠባብ ዐምድ ደግሞ ስለ አዘገጃጀቱ ከአምስትና ከስድስት ቃላት የማይበልጥ ነገር ይሰፍራል። ለምድር እምቧይ የሚደርሰው መሥመር ብዙውን ጊዜ «ሥሩ ታኝኮ ውሃው ይዋጣል፤ ለሆድ ቍርጠት» የሚል ነው። እኔም በውጭ አገር ለተማርሁበት ዩኒቨርስቲ ባቀረብሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይህንኑ መሥመር ጽፌአለሁ። መርማሪዎቼ የላቲኑን ስም አጻጻፍ አርመው መለሱልኝ እንጂ፥ ሥሩ ምን ያህል እንደሆነ፥ ከየትኛው ተክል እንደ ተነቀለ፥ ቢበዛስ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ነቀፌታ ከራሴ የሚጀምር ነው።

የምድር እምቧይ የቅልና የዱባ ወገን ነው። ከወፍራም ሥር የሚወጡ ቀጫጭን ሐረጎቹ በመሬት ላይ ይዘረጋሉ፤ ቍጥቋጦ ሲያገኙም ይንጠላጠላሉ። ቅጠሉና ግንዱ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ አበባው ቢጫ ነው። ትንሽ ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያለ መሥመር አለበት፤ ላዩ በለስላሳ እሾኽ የተሸፈነ ሲሆን ሲበስል ቢጫ ይሆናል። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1847 እስከ 1851 በታተመው «ቴንታሜን ፍሎሬ አቢሲኒኬ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ «ኩኩሚስ ፊሲፎሊዩስ» ብሎ ሰይሞታል፤ ትርጓሜው «ቅጠሉ የበለስን ቅጠል የሚመስል» ማለት ነው። ባላገሩ ግን ቅጠሉን ትቶ ፍሬውን ተመለከተ። እምቧይ የሚባለው፥ እሾኻማ የሆነው ቍጥቋጦ፥ የሶላነም ወገን በመሆኑ ከዚህ ሐረግ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሁለቱ ፍሬ ግን ሲበስል ቢጫና ድቡልቡል ስለሆነ፥ ቆሞ የሚያፈራው እምቧይ ሲባል ተኝቶ የሚያፈራው የምድር እምቧይ ተባለ።

የመጀመሪያው ችግር እዚሁ ስሙ ላይ ነው። የገበሬ ስም የሚወጣው ለዐይን ከሚታይ ምልክት ስለሆነ፥ ያንኑ ምልክት ለያዘ ለሌላ ተክልም ይበቃል። በዚህም የተነሣ «የምድር እምቧይ» የሚለው ስም በአንዱ ጥናት ለኩኩሚስ ፊሲፎሊዩስ፥ በሌላው ለኩኩሚስ ፕሮፌታረም ተሰጥቶ እናገኘዋለን። ሁለተኛው በደረቅና በሞቃት ቈላ የሚበቅል፥ ቅጠሉ ይበልጥ የተሸነሸነ፥ ፍሬውም የሚያንስ ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር፥ መርሳ ደግሞ ወደ 1600 ሜትር ግድም ላይ የሚገኙ መሆናቸውን፥ ከመርሳ በስተምሥራቅም አገሩ ወደ አፋር ዝቅ እያለ እንደሚሄድ ያሰበ ሰው፥ በአንዲት ወረዳ ውስጥ በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከአንደኛው ተክል አገር ወደ ሁለተኛው አገር መሻገር እንደሚቻል ይረዳል።

ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት ስሞች መዝገብ፥ ወልደ ሚካኤል ቀለቻም በየጊዜው እያሻሻሉ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፅዋት ስሞች መፍቻ፥ ያገሩን ስም ከላቲኑ ጋር ለማጋባት የተደከመባቸው ሥራዎች ናቸው። ከነዚህም በኋላ ቻርልስ ጄፍሪ የቅልና የዱባን ወገን እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ክፍል ውስጥ መርምሮ ስላቀረበ፥ ዛሬ ተክሉን አላወቅሁትም የሚል ተመራማሪ ምክንያት የለውም፤ ናሙናውን ነቅሎ፥ አድርቆ፥ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም ማምጣት ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችን ልማድ አንድ ናሙና ከአንድ ስፍራ ነቅሎ፥ ከዚያ በኋላ በሃያ ቀበሌ የተጠየቀው ሰው ሁሉ «የምድር እምቧይ» ሲል ያንኑ ናሙና ያለ መስሎ መቍጠር ነው። ናሙናው የሚመሰክረው ለተነቀለበት ስፍራ ብቻ መሆኑን እንረሳለን።

ስሙን በዚህ ትቼ ወደ ዋናው ነገር፥ ማለት ወደ ልኩ እመለሳለሁ።

በዚህ ወገን ውስጥ የዱር የሆኑት ብዙዎቹ ተክሎች እጅግ መራራዎች ናቸው። ምሬታቸው የሚመጣው ኩከርቢታሲን ከተባሉት ቅመሞች ነው። እነዚህ ቅመሞች አንጀትን በኀይል የሚያነሣሡ ስለሆኑ በጥቂቱ ሲወሰዱ ያስቀምጣሉ፤ ሲበዙ ግን ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያስከትሉ፥ ከዚያም አልፎ ሊገድሉ ይችላሉ። ዐረቦች ሐንዘል የሚሉት የበረሃ ቅል ከጥንት ጀምሮ በሕንድም በዐረብም ሕክምና ሲሠራበት የኖረውና ሲፈራም የኖረው ስለዚሁ ነው። ከዚህም በላይ የምሬቱ ብዛት በየተክሉ ይለያያል። እንግዲህ «ሥሩ ታኝኮ ይዋጣል» የሚለው መሥመር መድኀኒትን ይጻፍ ወይስ መርዝን ይጻፍ፥ ልኩ ካልተነገረ በቀር የሚታወቅ አይደለም።

ከመርሳ ወደ ቈላው በሚወርደው መንገድ ላይ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ያደረግሁትን ንግግር እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። የአካባቢው ሕዝብ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲቸገር የሚሄደው ወደ እርሳቸው ነው። ሐረጉን ነቅዬ ይዤ ቀረብሁና፥ «አባባ፥ ይህ ሥር ለምን ይሆናል?» አልኋቸው።

«ለሆድ።»

«ምን ያህል ይሰጣል?»

«ለማን?»

ይህች አንዲት ቃል የሰባት ወር ሥራዬን አፈረሰችው። በመጠይቄ ወረቀት ላይ «ለማን» የሚባል ዐምድ አልነበረምና ዝም አልሁ። ሽማግሌውም ተክሉን ከእጄ ወስደው ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ሴቴው ነው። ወንዴው ከታች ከድንጋያማው ነው ያለ፤ እርሱን አልነካም» አሉኝ። በትምህርት ቤት ዕውቀቴ ስለ አበባ የሚናገሩ መስሎኝ፥ የዚህ ተክል ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ሐረግ ላይ እንደሚገኝ ላስረዳቸው ሞከርሁ። እርሳቸው ግን ስለ አበባ አልተናገሩም ነበር። በማግስቱ ወደ ድንጋያማው ስፍራ ልጃቸው ወስዶ ባሳየኝ ጊዜ «ወንዴው» የተባለው ቅጠሉ የተሸነሸነው፥ ፍሬውም ትንሽ የሆነው ሌላው ተክል ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ዝርያ መሆኑን ሽማግሌው ከጄፍሪ መጽሐፍ ሳይሆን ከበሽተኞቻቸው ሆድ ተምረውታል። ስም አላጡለትም ነበር፤ ስሙን የምሰማበት ጆሮ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ለማን እንደማይሰጥም ነገሩኝ፤ ለሕፃን፥ ለነፍሰ ጡር፥ በባዶ ሆዱ ለሚመጣ፥ ደም ላስቀመጠው ሰው አይሰጥም። ልኩ የሚለካው በጣት አንጓ ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን ለኔም ግልጽ አላደረጉልኝም። ሥሩ ከተሰጠ በኋላም በሽተኛው ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ማርከሻው ተዘጋጅቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ማርከሻ የሌለው መድኀኒት መስጠት በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት በኔ ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት ነቍጥ እንኳ አላገኘም ነበር።

ማርከሻን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1755 የቈላውን ተክል «ፕሮፌታረም»፥ ማለት «የነቢያት» ብሎ ሲሰይመው፥ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ትዝ ይላል። በረኀብ ዘመን ከነቢያት ልጆች አንዱ ከሜዳ የማያውቀውን የዱር ሐረግ ፍሬ ለቅሞ በድስት ይጨምራል፤ የቀመሱትም ሞት በድስቱ ውስጥ እንዳለ ይጮኻሉ፤ ኤልሳዕም ዱቄት አስመጥቶ ጨምሮ ያድናቸዋል። ፍሬው የትኛው እንደ ነበረ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ የበረሃው ቅል ነው ይላሉ። እኔን የገረመኝ ግን የሀብሩው ሽማግሌ ማርከሻ የገብስ አጥሚት መሆኑ ነው።

አሁን የቀድሞዎቹን መጻሕፍት ከዛሬዎቹ ሠንጠረዦች ጋር እናነጻጽር። ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ ያሳተመው የአንድ ሐበሻ ደብተራ የመድኀኒት መጽሐፍ፥ እንዲሁም ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 በዋርሶ ያሳተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት ጥናት፥ ጉድለት የለባቸውም ማለት አይቻልም። የግሪዮል መጽሐፍ የአንድ ሰው መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ደብተራ የጻፈውን የአገሩ ሁሉ ዕውቀት አድርጎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ስትሬልሲንም የቋንቋ ሊቅ ስለ ነበረ ትኵረቱ ከበሽተኛው ይልቅ በቃሉ ላይ ነው፤ ስለ ዕፅዋቱ ስምና አገልግሎት ያደረገውን ምርመራ ለብቻው በ1973 እስኪያሳትም ድረስ አንባቢው መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ መድኀኒቱ በዐረፍተ ነገር ተጽፎ ይገኛል። ንቀል፥ አድርቅ፥ ደቍስ፥ በማር ለውስ፥ ይህን ያህል ስጥ የሚል ግሥ አለው፤ አድራጊና ተደራጊ አለው። የዛሬው ሠንጠረዥ ግሡን አጥፍቶ ስሙን ብቻ አስቀረ። ጸሎቱንና አስማቱን ከንቱ ነው ብለን ስንጥል፥ ከርሱ ጋር ተያይዞ የተቀመጠውን ጊዜና ልክም አብረን ጣልን፤ አንድ ጸሎት ሦስት ጊዜ እስኪደገም ድረስ ይፈላል ማለት ሰዓት በሌለበት አገር የጊዜ መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም።

ከአገራችን ሊቃውንት መካከል አማረ ጌታሁን እ.ኤ.አ. በ1976 ላወጡት ሥራ በሰጡት አርእስት ላይ «መድኀኒት የሆኑ» የሚለውንና «መርዝ የሆኑ» የሚለውን ጎን ለጎን ማኖራቸው ሊመሰገን ይገባል። ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ በ1993 ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ያሳተሙት ወፍራም መጽሐፍም የጽሑፉን ባህል ከባለመድኀኒቱ ዘንድ ካለው ጋር ለማገናኘት የደከመ ነው። ከነዚህ በኋላ የመጣነው ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ቍጥር ሸሸን።

ስለ ቍጥሩ ጥቂት ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1986 ትሮተርና ሎገን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የመረጃ ሰጪዎችን ስምምነት የሚለካ ስሌት አቀረቡ። ለአንድ ዐይነት ሕመም የተነገሩት አገልግሎቶች ቍጥር ሲቀነስ የተጠቀሱት ተክሎች ቍጥር፥ ይህም ለአገልግሎቶቹ ቍጥር ሲቀነስ አንድ ይካፈላል። ለምሳሌ ለሆድ ሕመም 20 ጊዜ አምስት ተክሎች ቢጠቀሱ፥ 15 ለ19 ተካፍሎ 0.79 ይሆናል፤ ወደ አንድ በቀረበ መጠን ሕዝቡ ተስማምቷል ይባላል። ስሌቱ ለታሰበለት ነገር፥ ማለት በቤተ ሙከራ ቢመረመር የሚያዋጣውን ተክል ለመምረጥ፥ መልካም ነው። እኛ ግን የዕውቀት ሚዛን አደረግነው። የሚለካው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። የምድር እምቧይ ለሆድ እንደሚሆን እረኛውም ያውቃል፤ ሁለት መሆኑንና ማርከሻው ምን እንደሆነ የሚያውቁት ግን በአንድ ቀበሌ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚህ ስሌት ሽማግሌው ከሕዝቡ ያልተስማማ ሰው ሆነው ይቈጠራሉ። ስድሳ ሰው የሚያውቀውን ከፍ አድርጎ አንድ ሰው የሚያውቀውን ዝቅ የሚያደርግ ሚዛን የሕዝብን ወሬ ይመዝን እንደሆን እንጂ የባለሙያን ጥበብ አይመዝንም።

ባለመድኀኒቶቹ ምስጢረኞች ስለሆኑ ከዚህ የበለጠ ማግኘት አይቻልም የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙ በከንቱ የተጠራ ዕፅ ኀይሉ ይቀንሳል የሚል እምነት በወሎም አለ። በዚያ ላይ ትናንት «ሥር ማሽ፥ ቅጠል በጣሽ» ብለን ስንሰድባቸው ኖረን ዛሬ ወረቀት ይዘን ብንመጣ የሚጠራጠሩን በሚገባ ነው። ነገር ግን የሀብሩው ሽማግሌ ለማን እንደማይሰጥ የነገሩኝ ሳይለመኑ ነው፤ ምስጢር ያደረጉት ልኩን ብቻ ነው፤ እርሱንም ምስጢር ያደረጉበት ምክንያት፥ ያለ ልክ የሚወስድ ሰው እንዳይኖር በመሥጋት ነው። ምስጢር ሁሉ ንፍገት አይደለም። አንዳንዱ ዛሬ የመድኀኒት መደብር በመቈለፊያ የሚጠብቀውን ነገር በዝምታ መጠበቅ ነው።

ባለሙያውን በስሙ መጥራትና ቃሉን እንደ ምስክር መቀበል በሌላ አገር ያልታየ ነገር አይደለም። በሕንድ አገር፥ በማላባር የሆላንድ ገዥ የነበረው ሄንድሪክ ቫን ሬዴ እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1693 በአምስተርዳም በ12 ቅጾች ያሳተመው «ሖርቱስ ማላባሪኩስ» የተጻፈው ለንግድ ኩባንያው ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ኢቲ አቹዳን የተባለው ያገሩ ሐኪም በራሱ ቋንቋና ፊደል የሰጠው ምስክርነት ታትሞ ይገኛል፤ ራንጋ ባት፥ ቪናያካ ፓንዲትና አፑ ባት የተባሉት ሦስት ብራህማናትም እንዲሁ በስማቸው ተመዝግበዋል። ዛሬ ሕንዶች ያን መጽሐፍ የኛ ነው ለማለት የሚያስችላቸው ይኸው ነው። በቅኝ ገዥ እጅ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተደረገው ነገር በገዛ ልጆቻችን እጅ ዛሬ ሊደረግ አለመቻሉ ያሳፍራል። በኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ባለዕውቀቱ «መረጃ ሰጪ ቍጥር 37» ነው።

ይህ ነገር የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ምክንያት ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በወልድያና በአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈው፥ መድኀኒት ጠፍቶ፥ ሕዝቡ ወደ ሥራሥር መመለሱን በኋላ ሄጄ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ፥ በዚያን ወራት ከታችኛው መንደር አንድ ወጣት ሆዱን ቢያመው፥ የተማረ ዘመዱ ከአንድ ጽሑፍ ላይ ያነበበውን አምኖ፥ የድንጋያማውን ስፍራ ሐረግ ሥር አኝኮ ዋጠ። ሁለት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰንብቶ በቃሬዛ አመጡት፤ በማርከሻው ዳነ። ዘመዱ ያነበበው የማንን ጽሑፍ እንደ ነበረ አልታወቀም። እኔ ግን የራሴን መሥመር አስታወስሁ፤ ስሙ ልክ ነው፥ ሕመሙ ልክ ነው፥ ክፍሉ ልክ ነው፥ አዘገጃጀቱም ልክ ነው፤ ሰውዬው ግን ሊሞት ደርሶ ነበር።

ሠንጠረዥ ይቅር አልልም። ነገር ግን ልኩን፥ የማይሰጠውን ሰውና ማርከሻውን የማይጠይቅ መጠይቅ ለመመረቂያ ጽሑፍ መቅረብ የለበትም እላለሁ። ባለሙያው ልኩን መናገር ካልፈለገ፥ ስፍራው ባዶ ይተውና «አልተነገረም» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ስፍራ አንባቢን ያስጠነቅቃል፥ የጠፋ ዐምድ ግን ያታልላል። ናሙናም ከየስፍራው፥ ባለመድኀኒቱ ራሱ ከመረጠው ሐረግ ይወሰድ። የማኅበረሰቡን ዕውቀት መብት የሚያስጠብቅ አዋጅ ቍጥር 482/1998 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፈቃድ መጠየቅ የውጭ ኩባንያ ብቻ ግዴታ መስሎን እኛ ራሳችንን ነጻ አውጥተናል። የሀብሩው ሽማግሌ ስማቸው በዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ጠይቄአቸው «ከሞትሁ በኋላ» ስላሉ ትቼዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ ከመስጠቴ በፊት ወደ መርሳ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ስለ ኤልሳዕ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ስለ ማርከሻው አሠራር ከጻፍሁት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ ፈለጉ፤ አውጥቼዋለሁ።